ጋሼ አረፉ፤ የደሴና የኮምቦልቻ ቼዝ ልጆች ትዝታችሁን እዚህ ጻፉ

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያልሰማችሁ ካላችሁ ጋሼ ትናንት ሌሊት አርፈዋል። ስኳሩ ከክረምቱ ጀምሮ ሲያዳክማቸው ነበር። ዛሬ ከዙሁር በኋላ ተቀብረዋል፣ የቅሬው (የእድሩ) ሰው፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች፣ ከዛ ደግሞ በየእድሜው ያለ የቼዝ ልጅ፣ ልጅ አዝሎ ከመጣው ጀምሮ ከትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ እስከ መጣው ድረስ ሁሉም ነበር። ስማቸውን ቤተሰብ ሳይፈቅድ እዚህ አልጽፍም፣ ደሴ ላይ ቼዝ የነካ ሰው ጋሼ ከተባለ ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ለማታውቋቸው፣ ሸዋ በር ልብስ ስፌት ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክለቡን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው ነበሩ። ቼዝ የጀመሩት በ1964 ክረምት ነው፣ ገና ስፌት የሚለምዱ ወጣት እያሉ፣ አሜሪካዊው ፊሸርና የሶቪየቱ ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሬይክያቪክ ላይ በገጠሙበት ክረምት ማለት ነው። ወሬውን በሬድዮ ሰምተው አሜሪካና ሩሲያን እንዲህ የሚያፋጥጥ ጨዋታ ምን ቢሆን ነው ብለው ገቡበት፣ በዛው ቀሩ። ለተሸነፈ ልጅ ሁሉ የሚነግሩትም ይሄንኑ ነበር፣ ፊሸር የመጀመሪያውን ተሸነፈ፣ ሁለተኛውን ሳይቀርብ ቀርቶ በፎርፌ ተነጠቀ፣ ሁለት ለባዶ ሆኖ ተነስቶ 12 ተኩል ለ8 ተኩል ጨረሰው። "አንተ ገና አንድ ነው የተሸነፍከው፣ ተቀመጥ" ይሉሃል።

እኔ ግን መጻፍ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ከብዙ ሰው ጋር ተጫውቻለሁ፣ አዲስ አበባም ኦንላይንም፣ ከሳቸው የሚበልጡ ተጫዋቾችም ገጥመውኛል። እንደሳቸው ግን ካሸነፈ በኋላ ከተሸናፊው ጋር የሚቀር ሰው አላየሁም። ማት ካደረጉህ (ንጉሥህን መውጫ ካሳጡህ) በኋላ አይነሱም፣ ጠጠሮቹን እርምጃ በእርምጃ ወደኋላ ይመልሱና አንተ መበላሸት የጀመርክበት ቦታ ላይ ያቆማሉ፣ ከዛ ሰሌዳውን ያዞሩታል። አሁን ያንተን ወገን እሳቸው ይይዛሉ፣ አንተ ያሸነፈውን ወገን ትይዛለህ፣ እና ያንን አለቀለት ያልከውን ጨዋታ ከእጅህ ላይ ያድኑታል። አንዳንዴ እኩል ያወጡታል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ያሸንፉሃል። ከዛ እንደገና ያዞሩትና "በል አንተ አድነው" ይላሉ። ሱቁ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ እንኳን ቢሆን ተሸናፊው የራሱን ጨዋታ አድኖ ሳያይ ወደ ቤቱ አይለቁትም ነበር። ሌላ ክለብ ውስጥ ሰው ሲያሸንፍ እጅ ጨብጦ ስልኩን አውጥቶ ሲሄድ ሳይ አሁንም ይከፋኛል።

የምታስታውሱትን ጻፉ እስቲ። ለቤተሰብ አትመን እንሰጣለን።

ሙጋድ፦

ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። የኔን የሰርግ ሱፍ የሰፉት እሳቸው ናቸው፣ ልኬት ሊወስዱ ሜትሩን አንገቴ ላይ አድርገው ስለ ኢንድጌም (የጨዋታው ማብቂያ ክፍል) ሲያወሩኝ እጅጌው ሳይለካ ቀርቶ ተመልሼ ሄድኩ። አብሽሩ ቤተሰቦች።

ኮምቦልቻዊ፦

ነፍስ ይማር። እኛ ኮምቦልቻዎቹ የሳቸው ባለውለታ ነን። እኛ ጋር ክለብ የሚባል ነገር ሳይኖር ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዘን ሐረጎን ወጥተን ደሴ እንሄድ ነበር፣ ርቀቱ ያው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ክረምት ላይ ሐረጎ በጉም ሲሸፈን ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየዳሰሰ ነው የሚወጣው፣ እናረፍዳለን። ደንቡ የጨዋታው ሰዓት እንዲነሳ ነው፣ ያረፈደ የራሱ ጉዳይ። ጋሼ ግን የደሴዎቹን ልጆች "ጉም የማንም ጥፋት አይደለም" ብለው ሰዓቱን ያስቆሙት ነበር፣ እኛ ገብተን ሻይ ጠጥተን እጃችን እስኪሞቅ ድረስ አይነሳም።

በኋላ እኛ ጋር ሲጀመር ደግሞ እሳቸው ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ደሴ ለብሰውት የወጡትን ጋቢ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከቦርሳቸው የተጠቀለሉ የጨርቅ ሰሌዳዎች እያወጡ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ አይኔ ላይ አለ። ሰሌዳዎቹን ራሳቸው ናቸው የሚሰፉት፣ ነጩ አቡጀዴ፣ ጥቁሩ ከሱሪ የተረፈ ካኪ፣ 64 ቁራጭ እየገጣጠሙ፣ ጠርዙን ዘምዝመው፣ ጀርባውን በገበር ደግፈው። ካኪው ከተለያየ ሱሪ ስለሚመጣ አንዱ ካሬ ይጠቁራል አንዱ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አንድ ሰሌዳ ለመስፋት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ልብስ ሰፊ ጠይቁ። አንድም ቀን ሲሸጡ አላየሁም። ጠጠር ከጎደለ ደግሞ ክሩ ያለቀበት ማጠንጠኛ ግንብ ይሆናል፣ ቆርኪ ወታደር ይሆናል፣ ጨዋታ በጠጠር እጥረት አይቀርም።

ሪያድ ያለችው፦

እኔ አሁን ነው ያየሁት ፖስቱን፣ ስራ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። እኔን የምታስታውሱኝ ካላችሁ ክለቡ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ልጅ የነበርኩት ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ እማዬ ቀሚሷን አምጪ ብላ ልካኝ ሱቃቸው ገባሁ፣ ቀሚሱ አልደረሰም፣ ጠብቂ አሉኝ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አራት ጠጠር ብቻ ያለበት ሰሌዳ ነበር፣ ሁለት ንጉሥ ሁለት ወታደር። ምንድነው ይሄ አልኳቸው። ነጩ ተራው ነው፣ እንዳይሸነፍ አድርጊው አሉኝ። እኔ እንኳን ያን ላደርግ አንዱም እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። መርፌያቸውን ሳያቆሙ የንጉሥን አካሄድና የወታደርን አካሄድ ነገሩኝ፣ ቀሚሱ አልቆ እኔ አልሄድም አልኩ።

ከዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመምጣት አባቴ እንቢ አለ፣ ወንዶች የሚሰበሰቡበት ቦታ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ። ጋሼ ቤታችን ድረስ መጡ። እማዬ ቡና አፈላች፣ ጀባ ተባሉ፣ ስለ ቼዝ አንድ ቃል አላነሱም፣ ዝም ብለው ከአባዬ ጋር ስለ ዝናቡ ስለ እህሉ ሲጫወቱ አመሹ። ሊወጡ ሲሉ ብቻ "የመጀመሪያውን ቅዳሜ አብረሃት ና፣ እየኝ" አሉት። አባዬ መጣ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ አየ፣ በሁለተኛው ወር እሱም ይጫወት ነበር። አሁን በህይወት የለም እሱም፣ አላህ ይዘንላቸው ለሁለቱም።

የሰጡኝ የጨርቅ ሰሌዳ እዚህ አብሮኝ ነው ያለው። ጁምዓ እረፍት ስለሆነ የአገሬ ልጆች እኔ ጋር ይሰበሰባሉ፣ በሱ ላይ አስተምራቸዋለሁ። ሰሌዳ ማዞሩንም እንደሳቸው አደርጋለሁ።

አዲስ ገቢ፦

ነፍሳቸውን ይማር፣ እኔ አላውቃቸውም የባህርዳር ልጅ ነኝ ግን አንብቤ መውጣት አቃተኝ። እህቴ ያቺ አራት ጠጠር ያለችባት ፖዚሽን የቷ ናት? ማስቀመጥ ትችያለሽ?

ሪያድ ያለችው፦

ነጭ ንጉሥ ሸ8፣ ነጭ ወታደር ሐ6። ጥቁር ንጉሥ ሀ6፣ ጥቁር ወታደር ሸ5። ነጭ ተራው ነው፣ እኩል ያወጣል። መልሱን አልናገርም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም፣ ራሴ እስካገኘው ስንት ቅዳሜ አልፏል።

አዲስ ገቢ፦

ሸ8 ምንድነው?? ሐ6?

የጦሳ ልጅ፦

ሃይ እሱ የጋሼ አጻጻፍ ነው፣ የደሴ ልጆች ሁላችንም በሱ ነው ያደግነው። ከኤ እስከ ኤች ባለው ፋንታ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ። ሀ ማለት ኤ፣ ሸ ማለት ኤች። የእንግሊዝኛ ፊደል ገና ያልገባቸው ትንንሽ ልጆች ጨዋታቸውን መመዝገብ እንዲችሉ ብለው ያመጡት ነው። ሰው ግን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁለት ሰ እና ሁለት ሀ አለ ይምታታል፣ እሳቸው ደግሞ እንደ የኔታ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እያሉ ያስነብቡን ነበር፣ መስጊድ ቁርአን የቀራ ልጅም ቤተክህነት ፊደል የቆጠረ ልጅም እኩል አንድ ላይ ይላታል። እና ልብ በሉ፣ አምስተኛው ዓምድ ንጉሡ ሠ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ንጉሥ የሚቆምበትም እሱ ዓምድ ነው። ይሄ እንዲያው የሆነ ነገር ነው ግን አንድም የደሴ ልጅ ንጉሥና ንግስትን አዛብቶ አስቀምጦ አያውቅም።

ፖዚሽኗ ደግሞ የሬቲ ናት፣ ሪቻርድ ሬቲ በፈረንጆቹ 1921 ያወጣት። ስምንት ዓመት ሳይሸነፍ የቆየውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካን ያሸነፈው ሬቲ እሱ ነው፣ ኒውዮርክ 1924 ላይ።

አዲስ ገቢ፦

እሺ አየሁት ግን አይቻልም እኮ ወንድሜ። የጥቁሩ ወታደር በጣም ርቋል ነጩ ንጉሥ አይደርስበትም፣ የነጩን ወታደር ደግሞ ጥቁሩ ንጉሥ ቅርቡ ቆሞ ሊበላው ነው። በሁለቱም በኩል ያለቀለት ነው።

ኮምቦልቻዊ፦

ሁላችንም እንደዛ ነው ያልነው። እኔ ልንገረው፣ ይቅርታ ሪያድ።

ንጉሡን ቀጥታ አታስሩጠው፣ በሰያፍ አስሩጠው። ንጉሥ ሰ7፣ ጥቁር ሸ4። ንጉሥ ረ6፣ ጥቁር ንጉሥ ለ6 ይመጣል ወታደርህን ሊበላ። አሁን ንጉሥ ሠ5! እዚህ ቆም በልና እይ፣ ከሠ5 ላይ ንጉሡ ሁለት ቦታ ያያል። ጥቁሩ ወታደርህን ከበላ ንጉሥ ረ4 ብለህ ያንን የማይደረስበትን ወታደር ትደርስበታለህ። ጥቁሩ ሸ3 ብሎ ከሮጠ ደግሞ ንጉሥ መ6፣ ሸ2፣ ከዛ ሐ7፣ ወታደርህ ታጅቦ ይገባል፣ ሁለታችሁም ንግስት ታወጣላችሁ፣ እኩል። ሰያፉ መንገድ ከቀጥታው አይረዝምም በንጉሥ አካሄድ፣ ምስጢሩ እሱ ነው፣ በአንድ እርምጃ ሁለት ስራ ይሰራል።

አዲስ ገቢ፦

ወላሂ ጸጉሬ ቆመ። አመሰግናለሁ።

ሩክ ኢንድጌም፦

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል፣ ቅር እንዳይላችሁ፣ ሰውየውን እወዳቸዋለሁ ቀብሩም ላይ ነበርኩ። በነኩት ጠጠር ጉዳይ ግን ከባድ ነበሩ። የነካኸውን ታንቀሳቅሳለህ፣ በቃ፣ ስምንት ዓመት ልጅም ቢሆን። ወንድሜ ንግስቱን በስህተት ነክቶ ንግስቱን ሰጥቶ ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል፣ ከዛ በኋላ አልተመለሰም። ደንቡ የፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) ደንብ ነው አውቃለሁ፣ ለህጻን ግን ትንሽ ማለፍ ይቻል ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ሙጋድ፦

እውነት ነው ከባድ ነበሩ። ግን ለራሳቸውም ነው እኮ ወንድሜ። ክለብ ፍጻሜ ላይ አሸናፊ ሆነው ሳለ እጅጌያቸው ግንቡን ነካው፣ ማንም አላየም፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አላየሁም። "ነክቻለሁ" ብለው ግንቡን አንቀሳቅሰው ተሸነፉ። ከዛ በኋላ ያው ከተጋጣሚያቸው ጋር ሰሌዳውን አዙረው እስከ መግሪብ ተቀመጡ።

ሩክ ኢንድጌም፦

እሱን አውቃለሁ፣ ለዛም ነው ቀብር የሄድኩት። ለህጻናቱ ግን አቋሜ ያው ነው።

የጦሳ ልጅ፦

ይሄ መጻፉ ጥሩ ነው፣ ሁሉም አንድ አይነት ሙገሳ ከሆነ እሳቸውን አይመስልም።

ተማሪ ነበርኩ፦

ስለ 2014 ማንም አልጻፈም። ከተማው ከመያዙ በፊት ነሐሴ መስከረም ላይ ከራያ ከቆቦ ከወልድያ የመጣ ተፈናቃይ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሞልቶ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ወንበር ተነስቶ ሰው መሬት ላይ ይተኛል። እኔ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ምግብ ስናድል ጋሼን አየኋቸው፣ ሰሌዳ በክንዳቸው ስር። እኔ መጀመሪያ አሁን የቼዝ ሰዓት ነው እንዴ ብዬ ነበር በሆዴ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ዘረጉት፣ ህጻናቱ ተሰበሰቡ። ቼዝ ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ያጫወቷቸው የድሮውን ሰንጠረዥ ነው፣ አያቶቻችን ይጫወቱት የነበረውን፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ ወረራ ይባላል። ልጆቹ እየተንጫጩ ሁለት እጃቸውን ሰሌዳው ላይ ሲያደርጉ እናቶቻቸው ዞር ብለው አዩ። በነዛ ሳምንታት እዛ ግቢ ውስጥ ህጻን ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ጥቅምት ላይ እኛ ወደ ኮምቦልቻ ከዛ ወደ ሸዋ ስንሸሽ እሳቸው አልወጡም፣ ባለቤታቸው መንገድ አትችልም ነበር። ህዳር መጨረሻ ስንመለስ የክለቡ ወንበር የለም፣ ሰዓቶቹ የሉም። ሰሌዳዎቹ ግን ነበሩ፣ ገበር አስመስለው የልብስ ጥቅል መሃል ከተዋቸው። በዛው ሳምንት ቅዳሜ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ከፈቱ።

የወንድማቸው ልጅ፦

አሰላሙ አለይኩም። ቤተሰቡን ወክዬ ነው የምጽፈው፣ የጻፋችሁትን ሁሉ ለአክስቴ አንብቤላታለሁ፣ አላህ ይስጥልን ብላችኋለች።

አንድ ጉዳይ አለኝ። ሱቁን ስናስተካክል አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ደብተር አገኘን፣ ሁሉም የቼዝ ጨዋታ ነው። የሳቸው ብቻ አይደለም፣ የክለቡ ልጆች የተጫወቱትም አለ፣ በሽንፈት ያለቁት ስር ሌላ ቀለም ተደርጎ "እንዲህ ቢሆን ይድን ነበር" እየተባለ የተጻፈ ነገር አለ። እኔ ቼዝ አላውቅም፣ መጣል ደግሞ አልፈልግም። የድሮዎቹ ደብተሮች በእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው ግን የልጄ ስልክ ላይ ስናስገባው አይሰራም፣ ፒ-ኬ4 ምናምን ነው የሚለው።

ኮምቦልቻዊ፦

በአላህ አትጣሉ!! እሱ የድሮው ዲስክሪፕቲቭ የሚባለው አጻጻፍ ነው፣ የድሮ የእንግሊዝኛ ቼዝ መጽሐፍት በሱ ነበር የሚጻፉት፣ ፊዴ ከፈረንጆቹ 1981 ወዲህ አይቀበለውም። ፒ ማለት ወታደር፣ ኬ ማለት የንጉሡ ዓምድ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ከየራሱ ከተጫዋቹ ወገን ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ነጭ ፒ-ኬ4 ካለ ወታደር ሠ4 ነው፣ ጥቁር ፒ-ኬ4 ካለ ግን ሠ5 ነው። ስልኩ ያልገባው ለዛ ነው። በእጅ መገልበጥ አለበት፣ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እኔ እገባበታለሁ።

የጦሳ ልጅ፦

እኔም አለሁ። በሀ ለ ሐ የተጻፉትን ደብተሮች ለትንንሾቹ ልጆች እንሰጣለን፣ እነሱ ከኛ በላይ ያነቡታል። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረገጽ ነጻ ስለሆነ እዛ ላይ ስተዲ (የጨዋታ ማስቀመጫ ገጽ) ከፍተን ጨዋታዎቹን በየዓመታቸው እናስገባለን፣ በሌላ ቀለም የተጻፈውንም በአማርኛ እንዳለ ኮሜንት አድርገን።

ሌላው፣ በአርባኛው ቀን ትልቅ ቶርናመንት አዘጋጅተን በስማቸው ዋንጫ ብናደርግ ምን ይመስላችኋል? ስፖንሰር የሚሆን ሰው አለ።

የወንድማቸው ልጅ፦

ሰደቃውን ቤተሰብና ቅሬው ያወጣል፣ ጨዋታውን ከሱ ጋር ባታያይዙት ይሻላል ወንድሜ። በሌላ ጊዜ አድርጉት፣ እንመጣለን።

ሩክ ኢንድጌም፦

ዋንጫ ይቅር። አንድ ሰው ወስዶ ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጠዋል። በዛ ብር ለክለቡ ሰዓት እንግዛ፣ ከ2014 ወዲህ እኮ በስልክ ሰዓት ነው የምንጫወተው። እና ልብስ ሰፊዎቹን አነጋግረን የጨርቅ ሰሌዳውን ስፌት እናስቀጥል፣ ለሆጤም ለወይዘሮ ስሂንም ተማሪዎች እንስጥ።

ሙጋድ፦

ይሄን እደግፋለሁ።

ሪያድ ያለችው፦

የሰዓቱን እኔ ከዚህ እልካለሁ፣ የሚመጣ ሰው አለ። ስንት እንደሚያስፈልግ ብቻ ንገሩኝ። የሰሌዳውን ልክ ደግሞ የኔን ለክቼ ልላክላችሁ፣ አንዱ ካሬ አምስት ተኩል ሳንቲም ነው፣ ዝምዝማቱን ሳይጨምር። የጀርባውን ገበር ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እለቀዋለሁ፣ ሰፊው አይቶ ይሰራዋል።

የጦሳ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ስድስት የቼዝ ሰዓት ይበቃናል ለጊዜው። ቤተሰብ ከፈቀደልን ደብተሮቹን ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዛው ሱቁ ውስጥ ፎቶ እናነሳለን፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ገጾቹ ስስ ናቸው እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ። የኮምቦልቻ ልጆች ጉም ካለ አትቸኩሉ፣ እንጠብቃለን።

ኮምቦልቻዊ፦

ሚኒባስ ኮንትራት ይዘናል፣ ሶስት ቦታ ቀርቶናል። የምትመጡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።